የጨለመው ሞጁልና ከአረንጓዴ የማይለወጠው መብራት

ጥያቄው፦ «ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ባለ 30 ክፍል ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ ነኝ። በቅርቡ በኔትወርክ የሚሠራ የስልክ ሲስተም አስገብተናል። በክፍሎቹ ያሉት ስልኮች የድሮዎቹ ተራ ስልኮች ሲሆኑ በጌትዌይ፣ ማለትም ተራ ስልክን ከኔትወርኩ ጋር በሚያገናኝ ሣጥን፣ በኩል ተያይዘዋል። ከመቀበያው ስልክ ጎን ባለ 20 ቁልፍ የማስፋፊያ ሞጁል ነበረን፤ አሁን ሁለተኛ ገዝተን ቀጠልንበት። ሁለተኛው ጨርሶ አይበራም። በመጀመሪያው ላይ ያሉት መብራቶች ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ስልኩ ተነሥቶ እንኳ አረንጓዴ እንደሆኑ ይቀራሉ። 204ን ስጫን 206 ይጠራል። ኤሌክትሪክ ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥርም የቁልፎቹ መብራቶች ለረጅም ጊዜ ጠፍተው ይቆያሉ። ሞጁሉን እንመልሰው ወይስ ሲስተሙ ነው የተበላሸው?»

ጤና ይስጥልኝ። ሞጁሉን አይመልሱት፤ ሲስተሙም የተበላሸ አይመስለኝም። ከዘረዘሯቸው አራት ነገሮች አንዱ ምናልባት ጭራሽ ብልሽት አይደለም፤ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ እርስ በርስ አይገናኙም። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። አራቱም ችግሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለታዩ የአንድ ዕቃ ጥፋት ይመስላሉ። ዕቃው ይመለሳል፣ ሌላ ይመጣል፣ ችግሩ ግን እዚያው ቆሞ ይጠብቃል።

አስቀድመን አንድ ነገር እንግባባ። የማስፋፊያ ሞጁል በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። የ204 እንግዳ እያወሩ ይሁን ተኝተው ይሁን ሞጁሉ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውም። እርሱ የመቀበያው ስልክ ተጨማሪ የቁልፍ ረድፍ ነው። ስልኩ የሆቴሉን ማዞሪያ፣ ማለትም ፒኤቢኤክሱን፣ «204 በምን ሁኔታ ላይ ነው? ሲለወጥም ንገረኝ» ብሎ ይጠይቃል። ማዞሪያው የሚያውቀውን ይመልሳል፣ መብራቱም ያንን መልስ ያሳያል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መብራት ጀርባ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ሞጁሉ ከስልኩ ጋር ይነጋገራል ወይ? ስልኩስ ማዞሪያውን ጠይቋል ወይ? ማዞሪያው ራሱ በክፍሉ ውስጥ የሆነውን ያውቃል ወይ? የእርስዎ ችግሮች በሦስቱም ቦታ ተበታትነው ይገኛሉ።

ከማይበራው ሞጁል እንጀምር። ስክሪኑ በርቶ ባዶ ቢሆን ኖሮ ስለ ፈርምዌር፣ ማለትም ስልኩን ከውስጥ ስለሚያሠራው ፕሮግራም፣ አወራ ነበር፤ የስልኩ ፈርምዌር ያረጀ ከሆነ አዲሱን ሞጁል ላያውቀው ይችላል። ፈጽሞ የማይበራ ሞጁል ግን አብዛኛውን ጊዜ ኃይል ያልደረሰው ሞጁል ነው፤ ጥፋቱም የሚፈለገው በገመዱ ወይም በኃይል ምንጩ ላይ ነው።

ሁለቱን ሞጁሎች የሚያገናኘውን አጭር ገመድ ይንቀሉና ጫፉን ወደ መስኮት ብርሃን ይያዙት። ግልጽ በሆነው ፕላስቲክ ውስጥ ወርቃማ የብረት ጥርሶች ተደርድረው ይታያሉ። ይቁጠሯቸው። የዚህ ዓይነት ሞጁሎች ብዙዎቹ ስድስት ጥርስ ያለውን አርጄ-12 ገመድ ይጠቀማሉ። አራት ብቻ ካገኙ በእጅዎ የያዙት በየሱቁ የሚሸጠው ተራ የስልክ ገመድ ነው። የሁለቱ ፕላስቲክ በቅርጽም በስፋትም አንድ ስለሆነ ባለ አራቱ በባለ ስድስቱ ቀዳዳ ውስጥ ቀጭ ብሎ ይገባል፣ ይቆለፋልም፤ ለሥራ የሚያስፈልጉት ሁለት ሽቦዎች ግን የሉበትም። በሁለቱም ጫፍ ይቁጠሩ፤ አንዱ ጫፍ ላይ ስድስት ሆኖ በሌላው ላይ የአንዱ ሽቦ ጫፍ ከጥርሱ ሳይደርስ የቀረበት ገመድም አጋጥሞኛል።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው ስለ ከፈልኩበት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐረር ውስጥ ለአንድ ክሊኒክ እንደ እርስዎ ያለ ሁለተኛ ሞጁል ለማስነሣት ተጠርቼ ነበር። ከካርቶኑ የወጣው ገመድ ለጠረጴዛቸው ስላጠረ፣ ከእኔ በፊት የሠራው ሰው ረዘም ያለ የስልክ ገመድ ከሱቅ ገዝቶ ተክቶታል። እኔ ይህን ሳላይ ስልኩን ቀየርኩ፣ ሞጁሉን ቀየርኩ፣ ወደ ድሬዳዋ ወርጄ ሌላ አዳፕተር ይዤ ያንን ሁሉ ዳገት ተመለስኩ። ጥርሶቹን የቆጠርኩት በሁለተኛው ቀን ነው። የካርድ ክፍል ሠራተኞቹ በእነዚያ ሁለት ቀናት ሕመምተኛ በመጣ ቁጥር ዶክተሮቹን ለመጥራት በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የጨለመ ሞጁል ጋ ስደርስ ከሁሉ በፊት የማየው ገመዱን ነው።

ገመዱ ደህና ከሆነ መግቢያና መውጫውን ይመልከቱ። በሞጁሉ ጀርባ ሁለት ተመሳሳይ ቀዳዳዎች ይኖራሉ። ከስልኩ የመጣው ገመድ በመጀመሪያው ሞጁል መግቢያ ይገባል፤ ከዚያው ሞጁል መውጫ የሚነሣው ደግሞ ወደ ሁለተኛው መግቢያ ይሄዳል። ተገላብጦ ከተሰካ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በዩኤስቢ የሚያያዙ አዳዲስ ሞጁሎችም አሉ፤ የእርስዎ ከእነዚያ ወገን ከሆነ የጥርስ ቆጠራው ይቀራል፣ የኃይሉ ነገር ግን አይቀርም።

እርግጠኛ ለመሆን የመጀመሪያውን ሞጁል አውጥተው ሁለተኛውን ብቻውን በእርሱ ቦታ ይሰኩት። በርቶ ከሠራ ሞጁሉ ጤነኛ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚጎድለው ኃይል ነው።

ኃይሉን በቁጥር እንየው። የመቀበያው ስልክ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በኔትወርኩ ገመድ፣ በፒኦኢ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የ802.3ኤኤፍ ደረጃ ስዊቹ (የኔትወርክ ገመዶቹ የሚሰበሰቡበት ሣጥን) በአንድ ወደብ እስከ 15.4 ዋት እንዲሰጥ ይፈቅዳል። በገመዱ ላይ የሚባክነው ተቀንሶ ለስልኩ የሚደርሰው እስከ 12.95 ዋት ነው። አንዳንድ ስልኮች ደግሞ ገና ሲነሡ ለስዊቹ «እኔን 6.49 ዋት ይበቃኛል» ብለው የሚያስታውቁ ናቸው። ከዚያ ላይ የስልኩ ስክሪንና ድምፅ ማጉያ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፣ የመጀመሪያው ሞጁል የራሱን ይወስዳል፣ ለሁለተኛው የሚተርፍ ይጠፋል። የስዊቹም አጠቃላይ አቅም አለ። ባለ 8 ወደብ ስዊች ስምንቱንም ወደብ በሙሉ ኃይል ለመመገብ 123 ዋት ያህል ያስፈልገዋል፤ በርካሽ የሚገዙት ብዙዎቹ የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚችሉት። የዋይፋይ ማሰራጫዎችና ካሜራዎች በዚያው ስዊች ላይ ካሉ ሒሳቡ ቶሎ ያልቃል።

መፍትሔው ለሁለተኛው ሞጁል የራሱን አዳፕተር መስጠት ነው። አምራቹ ከስንተኛው ሞጁል ጀምሮ አዳፕተር እንደሚያስፈልግ በመመሪያው ላይ ጽፎታልና እርሱን ይከተሉ። አዳፕተሩን ግን መሰኪያው ስለገባ ብቻ አይመኑት። መሰኪያቸው አንድ ሆኖ አንዱ 5 ቮልት ሌላው 12 ቮልት የሚሰጥ አለ፤ በ5 ቮልት ዕቃ ላይ 12 ቮልት የሰካ ሰው ዕቃውን ቀብሮታል። በሞጁሉ ጀርባና በአዳፕተሩ ላይ የተጻፉት ቮልቶች አንድ መሆናቸውን በዓይንዎ ያረጋግጡ። እግረ መንገድዎን ስዊቹ ያለበትን ቦታ ይዩልኝ። ከተማችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የማገኘው ደረጃ ሥር በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በላዩ የድሮ መዝገብ ተከምሮበት ነው። የድሬዳዋን ግንቦትና ሰኔ እርስዎም ያውቁታል፤ በዚያ ሙቀት የታፈነ ስዊች ኃይሉን ይቀንሳል፣ ወደቦችንም በራሱ ጊዜ ያጠፋል። በሩን ወንፊት ያድርጉለት፣ መዝገቡን ያንሡለት።

ወደ አረንጓዴዎቹ መብራቶች ልለፍ፤ ከሁሉም በላይ ልነግርዎ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሰው 204 ገብቶ እጀታውን አነሣ፤ እርስዎ መቀበያው ላይ ሆነው መብራቱን ጠበቁ፤ አልተለወጠም። ፈተናው በድሮው ማዞሪያ ትክክለኛ ፈተና ነበር። በዚያ ጊዜ የእያንዳንዱ ክፍል ሽቦ በቀጥታ ማዞሪያው ውስጥ ስለሚገባ እጀታው ሲነሣ የመደወያውን ድምፅ የሚሰጠው ማዞሪያው ራሱ ነበር። የሚሰጠው እርሱ ስለሆነ ያውቃል፤ ስለሚያውቅ መብራቱ ወዲያውኑ ይቀላል። አሁን ግን በመካከል ጌትዌይ ገብቷል። እንግዳው እጀታውን ሲያነሡ የሚሰሙት ድምፅ የጌትዌዩ ነው፤ ማዞሪያው ገና ምንም አልሰማም። ቁጥር ደውለው ሲጨርሱ ብቻ ጌትዌዩ ጥሪውን ወደ ማዞሪያው ይልካል፣ ያን ጊዜ መብራቱ ይለወጣል። ስለዚህ ስልኩ ተነሥቶ መብራቱ አረንጓዴ መሆኑ የዚህ አሠራር ባሕርይ ነው።

ትክክለኛው ፈተና ይኸውና፦ አንድ ሰው ከ203 ወደ 207 ይደውል። እየጠራ ሳለ የ207 ቁልፍ ብልጭ ድርግም ማለት አለበት፤ ስልኩ ተነሥቶ ሲነጋገሩ ሁለቱም ቁልፎች መቅላት አለባቸው። ይህ ከሆነ መብራቶችዎ እውነቱን እየተናገሩ ነው።

ይህ የአሠራር ልዩነት ግን ለመቀበያ ሠራተኞች ተነግሮ ማለቅ ያለበት ነገር አይደለም፤ በሥራቸው ላይ የሚያመጣው ለውጥ አለ። የእንግዳው እጀታ ከአልጋው አጠገብ ወድቆ ቢያድር መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ሲደውሉለት ግን ተይዟል የሚል ድምፅ ይመጣል። «አረንጓዴ ነው፣ ግን ተይዟል» የሚለው ጥምረት «እጀታው ከቦታው ወርዷል» ማለት መሆኑን የሌሊት ተረኞቹ በቃላቸው ይያዙት። የማንቂያ ጥሪ ያዘዙ መንገደኛ እንዳያመልጣቸው ሰው ልከው በር ማንኳኳት አለባቸው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በሌሊት የታመሙ፣ ወይም ወድቀው እጀታውን ብቻ መጎተት የቻሉ እንግዳ ቁጥር ለመጫን አቅም ላይኖራቸው ይችላል። በድሮው ማዞሪያ የመብራቱ መቅላት ንቁ ለሆነ ተረኛ አንድ ምልክት ነበር፤ በአዲሱ ያ ምልክት ጠፍቷል። ብዙ ጌትዌዮች ግን ከእርሱ የሚበልጥ ነገር አላቸው፦ እጀታው ተነሥቶ ለተወሰኑ ሰከንዶች ምንም ቁጥር ካልተጫነ በራሱ ወደ አንድ ቁጥር እንዲደውል ማድረግ ይቻላል። ቁጥሩን የመቀበያው አድርጉት፤ ጊዜውን ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ብታደርጉት የሚደውል እንግዳን አያጣድፍም። ሲስተሙን የተከለው ባለሙያ በጌትዌዩ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ወደብ ሊሞላው ይችላል። እኔ በምተክላቸው ሆቴሎች ሁሉ ሳይጠይቁኝ አደርገዋለሁ፤ እርስዎም ዛሬውኑ እንዲያስደርጉት እለምንዎታለሁ። ሞጁሉ ነገም ይደርሳል።

ከ203 ወደ 207 ተደውሎ እየተነጋገሩም መብራቱ ካልቀላ ግን ጥፋት አለ ማለት ነው። በኮምፒውተር ማሰሻ የመቀበያውን ስልክ ገጽ ይክፈቱና የሞጁሉን ቁልፎች ዝርዝር ይዩ። የቁልፉ ዓይነት ቢኤልኤፍ፣ ማለትም የሌላውን ስልክ ሁኔታ በመብራት የሚያሳይ፣ መሆን አለበት። «ፈጣን መደወያ» ተብሎ ከተሞላ ሲጫኑት ይደውላል፣ ስለ ክፍሉ ሁኔታ ግን ማዞሪያውን ጠይቆ አያውቅም። ይህን ስሕተት ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ቁልፉ ስለሚደውል ማንም አይጠረጥረውም። የቁልፉ ዋጋ በሚሞላበት ቦታ የክፍሉ የውስጥ ቁጥር ብቻ ይግባ፤ ስሙ ከእርሱ ተለይቶ በመለያው ሣጥን ይጻፋል። መስመሩም ስልኩ ማዞሪያው ላይ የተመዘገበበት አካውንት ይሁን።

ያ ሁሉ ትክክል ከሆነ ማዞሪያውን ራሱን መጠየቅ ነው። ሲስተማችሁ አስቴሪስክ በሚባለው የማዞሪያ ሶፍትዌር ላይ የተሠራ ከሆነ (ፍሪፒቢኤክስ ለምሳሌ እንደዚያ ነው) ባለሙያው «ኮር ሾው ሂንትስ» የሚለውን ትእዛዝ ይስጥ። እያንዳንዱ የውስጥ ቁጥር ከነሁኔታው፣ ከአጠገቡም ስንት ስልክ እየተከታተለው እንዳለ በቁጥር ይወጣል። 204 በዝርዝሩ ላይ ከሌለ ማዞሪያው ሁኔታውን ለማንም አይናገርም። ካለና የተከታታዮቹ ቁጥር 0 ከሆነ የመቀበያው ስልክ አልጠየቀም፤ ጥፋቱ በቁልፉ አሞላል ላይ ነው። ተከታታይ አለው፣ ግን እየተነጋገሩ ሳለም ሥራ ፈት ነው ይላል? እንግዲያው ጌትዌዩ ሠላሳውንም ክፍል በአንድ የጋራ መስመር አስመዝግቧል ማለት ሊሆን ይችላል። ማዞሪያው አንድ ወፍራም መስመር ያያል እንጂ ሠላሳ ክፍሎችን ለይቶ አያይም። እያንዳንዱ የጌትዌይ ወደብ በራሱ የውስጥ ቁጥርና የይለፍ ቃል ይመዝገብ፤ ሥራው አሰልቺ ነው፣ አቋራጭ ግን የለውም።

ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ መብራቶቹ የሚዘገዩት በቀላል ምክንያት ነው። ስልኩ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይነሣል፤ ማዞሪያው ኮምፒውተር ስለሆነ ይዘገያል። ስልኩ ቀድሞ ተነሥቶ ጥያቄውን ሲልክ የሚመልስለት የለም። ጥያቄውን እንደገና የሚያድሰው በየተወሰነ ጊዜ ነው፤ በዪሊንክ ስልኮች ለምሳሌ ከፋብሪካ ሲመጡ ጊዜው 1800 ሰከንድ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ያንን ጊዜ ወደ 300 ሰከንድ አውርዱት፤ ለ30 ክፍል ሆቴል ማዞሪያው ጫናውን አይሰማውም። ማዞሪያውን፣ ጌትዌዩንና ስዊቹን ደግሞ በአንድ ዩፒኤስ ላይ አድርጓቸው። ፒኦኢ የሚሰጠው ስዊች በዩፒኤስ ላይ ካለ የመቀበያው ስልክም አብሮ ይተርፋል፤ ሞጁሉ በራሱ አዳፕተር የሚሠራ ከሆነ አዳፕተሩም ከዚያው ዩፒኤስ ይሰካ። ይህ ቢቀር እንኳ፣ መብራቶቹ ጠፍተው ባገኟቸው ጊዜ የመቀበያውን ስልክ ብቻ አጥፍቶ ማብራት ይበቃል። ሠራተኞቹ ይህን ካወቁ ባለሙያ አይጠሩም።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ወጣ ልበል፤ ይህን የሚያነቡ ብዙዎች ዛሬም የሚሠሩት በድሮው ፓናሶኒክ ኬኤክስ-ቲኢኤስ824 ነውና። ያ ማዞሪያ ከፋብሪካ ሲመጣ 3 የውጭ መስመርና 8 የውስጥ መስመር ይይዛል፤ በካርድ እስከ 8 የውጭና 24 የውስጥ ይሰፋል። ስሕተቱ የሚሠራው በካርድ ምርጫ ነው። 82474 የሚባለው ካርድ 8 የውስጥ መስመር ይጨምራል፣ ግን ለተራ ስልክ ብቻ ነው። የኦፕሬተሯን ባለ ስክሪን ፓናሶኒክ ስልክ ወይም ከጎኑ የሚቀመጠውን የቁልፍ ሰሌዳ በዚያ ካርድ ላይ ብትሰኩ አይሠራም፤ ለእነርሱ ሃይብሪድ ወደብ፣ ማለትም ለተራውም ለፓናሶኒኩም ስልክ የሚሆን፣ ያስፈልጋል። በዋናው ሰሌዳ ላይ ያሉት 8 ወደቦች እንዲሁም የ82483 ካርድ ወደቦች ሃይብሪድ ናቸው። የቁልፍ ሰሌዳው ራሱን የቻለ ወደብ ይይዛል፤ ከየትኛው ስልክ ጋር እንደተጣመረም በፕሮግራም ይነገራል። ካርድ ስትጨምሩ ማዞሪያው ከኤሌክትሪክ መነቀል አለበት፤ «ለአንድ ደቂቃ ነው» ተብሎ ሳይነቀል የገባ ካርድ ከነሰሌዳው ሲቃጠል አይቻለሁ።

ወደ እርስዎ ልመለስ፤ የቀረው 204ን ሲጫኑ 206 መጥራቱ ነው። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ቁልፉ በስሕተት ተሞልቷል፣ ወይ ሽቦው ተዛውሯል። ምንም መሣሪያ ሳይያዙ ይለዩታል። የጠራው ስልክ ያለበት ክፍል፣ በሩ ላይ 206 የተጻፈበት፣ ይግቡና ከዚያ ወደ መቀበያው ይደውሉ። መቀበያው ስክሪን ላይ 206 ከታየ ሽቦው ደህና ነው፤ የ204 ቁልፍ ውስጥ 206 ተሞልቷል፣ በገጹ ላይ ያርሙት። ስክሪኑ ላይ 204 ከታየ ግን ቁልፉ ንጹሕ ነው፤ የሁለቱ ክፍሎች ሽቦ ተለዋውጧል። የድሮው ሽቦ ከማዞሪያው ተነቅሎ ወደ ጌትዌዩ ሲዛወር ክሮኑ (የክፍሎቹ የስልክ ሽቦዎች የሚገናኙበት ሳጥን) ላይ ሁለት ጥንዶች ቦታ መቀያየራቸው በየሕንፃው የሚያጋጥም ነው።

እንደዚያ ሆኖ ካገኙት በፕሮግራም ለማስተካከል አይሞክሩ። ቁልፉ ላይ ቁጥሩን ቀይሮ ማለፍ ለዛሬ ይሠራል፤ ነገር ግን የ206 እንግዳ የደወሉት ሒሳብ በ204 እንግዳ ስም መውጣቱን ይቀጥላል፤ ከ206 የሚመጣ የእርዳታ ጥሪም ሠራተኛውን ወደ 204 ይወስደዋል። ሽቦውን ክሮኑ ላይ አዛውሩት። ሳጥኑ ክፍት እያለም በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ የክፍሉን ቁጥር በማይጠፋ ቀለም ጻፉበት።

አሁን ሁለቱም ሞጁሎች ስለሚሠሩ አደራደራቸውን ከመጀመሪያው አስቡበት። ብዙዎቹ ባለ 20 ቁልፍ ሞጁሎች ከአንድ በላይ ገጽ ስላላቸው ሠላሳ ክፍሎች በአንዱ ላይ በሁለት ገጽ ይገቡ ነበር፤ «ታዲያ ሁለተኛውን ለምን ገዛን?» የሚል አለቃ ቢኖር ደግፌ እከራከርልዎታለሁ። በተደበቀ ገጽ ላይ ያለ መብራት ለመቀበያ ሠራተኛ የሌለ ያህል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ሁሉንም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያውጡት። የቁልፎቹ አደራደር በሁለት ዐምድ አሥር አሥር ከሆነ ሁለቱ ሞጁሎች አራት ዐምድ ይሰጡዎታል። ፎቆቹ አሥር አሥር ክፍል ካላቸው አንደኛው ዐምድ ከ101 እስከ 110፣ ሁለተኛው ከ201 እስከ 210፣ ሦስተኛው ከ301 እስከ 310 ይሁን። አራተኛው ለወጥ ቤት፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለጥበቃና ለሥራ አስኪያጁ ይቅር። ጥበቃውን ከላይ አድርጉት፤ በጨለማ በእጅ ተዳስሶ የሚገኘው የጥጉ ቁልፍ ነው። እንዲህ ሲሆን ሠራተኛዋ ቁልፍ አትፈልግም፤ ዓይኗ ፎቁን ያያል፣ እጇ ክፍሉ ላይ ያርፋል። መለያዎቹን በቁጥር ብቻ ጻፉ፤ ቦታው ጠባብ ነው።

ሌላ ክፍል ሲጠራ ከመቀበያው ሆኖ ለማንሣት ከፈለጉ የጥሪ መሳቢያ ኮዱም መሞላት አለበት፤ በፍሪፒቢኤክስ ከቁጥሩ በፊት ሁለት ኮከብ ነው። ያለ ኮዱ፣ የሚያብለጨልጨውን ቁልፍ ሲጫኑ ጥሪውን አይወስዱም፤ ያንኑ ክፍል መልሰው ይደውሉለታል።

ሁሉንም ሞልተው ካስቀመጡ በኋላ ስልኩን አንድ ጊዜ አጥፍተው ያብሩት። የሞሉት ነገር ጠፍቶ የድሮው ከተመለሰ ስልኩ ሲነሣ መረጃውን ከማዞሪያው የሚያወርድ ነው፤ ለውጡን በስልኩ ገጽ ላይ ሳይሆን በማዞሪያው ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ሳይጠፋ ከቀረ የስልኩን ይዞታ ቅጂ ወደ ፍላሽ አውጥተው ሆቴሉ ገንዘብ ቤት ያስቀምጡት፤ በባለሙያው እጅ ብቻ የሚኖር ቅጂ ባለሙያው ስልኩን ሲያጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ለመጨረሻው ፍተሻ ሁለት ሰው ይመድቡ፤ አንዱ መቀበያው ላይ ይቀመጥ፣ ሌላው የክፍሎቹን ቁልፎች ይዞ ከ101 ይጀምር። እንግዳ የሌለበት ክፍል እየገባ ወደ መቀበያው ይደውል፤ በስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር፣ በሞጁሉ ላይ የቀላው ቁልፍና እርሱ የቆመበት በር ሦስቱ አንድ መሆናቸው በወረቀት ላይ ምልክት ይደረግ። ከዚያ እጀታውን አንሥቶ ምንም ሳይጫን ይጠብቅ፤ ከ10 ሰከንድ በኋላ መቀበያው መጥራት አለበት። እንግዳ ያለባቸው ክፍሎች ሲለቀቁ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ አንሶላ ስትቀይር ትፈትናቸው፤ ወረቀቱ 310 እስኪሞላ ከጠረጴዛው ላይ አይነሣ።